ኦሪጅናል ሸክላ ወይስ ቅጂ?

ቸርችል ጎዳና አካባቢ የአሜሪካ የሶል ሙዚቃ ሸክላ ሲያገኙ፣ ሽፋኑን ከማየትዎ በፊት፣ ሙዚቃው አልቆ መሀል ያለው ወረቀት እስኪጀምር ድረስ ያለውን ባዶ ቀለበት ይመልከቱ። ሸክላውን ወደ ብርሃን ያዘንብሉት። በፈረንጆቹ 1960ዎቹ በሎስ አንጀለሱ ሞናርክ ፋብሪካ የታተመ ኦሪጅናል እዚያ ላይ ሦስት ማዕዘንና ቁጥር አለው፤ ቅጂው ላይ ይህ ምልክት ብዙ ጊዜ አይገኝም። የእጅ ጽሑፍ ስላዩ ብቻ ግን አይፍረዱ፤ በርካታ ኦሪጅናሎችም በእጅ ተጽፎባቸዋል።

የወረቀቱ ኅትመት በኦሪጅናሉ ጥርት ያለ ነው። ቅጂው ከሌላ ወረቀት ፎቶ ተነሥቶ ስለሚታተም ትንንሾቹ ፊደላት ይደበዝዛሉ።

የቅጂው ድምፅ ይበልጥ ያሳዝናል። ከአሮጌ ሸክላ የተቀዳ ቅጂ የዚያን ሸክላ ጭረት ጭምር ይዞ ይመጣል፤ የጽናጽሉም ጥራት ይጠፋል። ለእኔ ወሳኙ ይኸው ነው፤ ሻጩ ሳያጫውት ዋጋ ከጠራ አልገዛም።