ከፌስታሌ ውስጥ ችግሬን ላወጣችልኝ እህት

ሲያትልና አካባቢዋ ያላችሁ ወገኖች፣ በተለይ በቅርቡ ከሥራ የተቀነሳችሁ፣ እባካችሁ ይህን አንብቡልኝ።

ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ 6 ዓመት ሠርቻለሁ። ሥራ ቀዝቅዟል ተባለና በአንድ ቀን ስምንት ሰው ተቀነስን። አንኢምፕሎይመንት፣ ማለትም ሥራ ላጣ ሰው ስቴቱ የሚከፍለውን ገንዘብ፣ ለማግኘት ማመልከቻ ሞላሁ። አምስት ሳምንት ሙሉ ሰባራ ሳንቲም አልገባም። የቤት ኪራይ ደረሰ። ባለቤቴ ምንም አትለኝም፤ ማታ ማታ ግን ስልኬን ከፍቼ ባንኩን ሳይ ዓይኗ እኔው ላይ ነው።

አንድ ሰው «150 ዶላር ስጠኝና እጨርስልሃለሁ» ብሎኝ ነበር። ፈጣሪ ይመስገን አልከፈልኩም። ማመልከቻው በነጻ ነው። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥራችሁን ለማታውቁት ሰው አትስጡ።

ከዚያ ወርክሶርስ ሄድኩ። የስቴቱ ሥራ ማፈላለጊያ ማዕከል ነው። እዚያ የምትሠራ አንዲት የአገራችን ልጅ «ጋሼ ይቀመጡ፤ ያለዎትን ወረቀት ሁሉ ያውጡ» አለችኝ። በፌስታል የያዝኩትን በሙሉ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። የደሞዝ ወረቀቴንና የሶሻል ሴኩሪቲ ካርዴን ጎን ለጎን አድርጋ ጣቷን ስሜ ላይ አሳረፈች። ካርዱ ላይ የመጨረሻ ስሜ የአያቴ ነው። ቀጣሪዬ ዘንድ ግን የተመዘገብኩት በአባቴ ስም ነው፤ እኔም የሞላሁት እንደዚያው ነው። ስንቶቻችን እንዲህ ነን! ማንነቴን እንዳረጋግጥ የሚጠይቀው ደብዳቤ እዚያው ፌስታሌ ውስጥ፣ ሳይከፈት ተቀምጧል። ማስታወቂያ መስሎኝ ነበር።

እሷ የእኔን ፋይል ከፍታ ማስተካከል አትችልም። ግን አጠገቤ ተቀምጣ ወደ አንኢምፕሎይመንት ቢሮ አስደወለችኝ። «‹አምሃሪክ› ብቻ ይበሉና መስመሩን ሳይዘጉ ይጠብቁ» አለችኝ። አስተርጓሚ ገባ፤ አይከፈልበትም። መታወቂያዬን በየት በኩል እንደምልክ በገዛ ቋንቋዬ ተነገረኝ። ያን ቀን ትከሻዬ ቀለለኝ።

ስልኩን ስዘጋ «ጋሼ፣ በየሳምንቱ የሚሞላውን የክፍያ ጥያቄ፣ ሳምንታዊውን፣ እየሞሉ ነው አይደል?» አለችኝ። ውሳኔ እየጠበቅኩ ስለሆነ ካቆምኩ ሁለት ሳምንት እንደሆነኝ ነገርኳት። ደነገጠች። ወገኖቼ፣ ዋናው ነገር ይኸው ነው፦ ክፍያ ቢያዝም፣ ይግባኝ ላይ ብትሆኑም፣ ሳምንታዊውን አታቋርጡ። ቢፈቀድላችሁ እንኳ ላልሞላችሁት ሳምንት ዝም ብሎ አይከፈልም። በዋሽንግተን ስቴት ሳምንቱ ከእሁድ እስከ ቅዳሜ ነው። የመጀመሪያው ሳምንት የመጠበቂያ ስለሆነ አይከፈልበትም፤ መሙላት ግን ግድ ነው። እኔ ያቆምኩትን ሁለት ሳምንት ለማስመለስ ማብራሪያ ጽፈን መጠየቅ ነበረብን።

በመሀል ሁለት ቀን የወዳጄ ፓርኪንግ ላይ ሠርቼ ነበር። ገንዘቡ እጄ ስላልገባ አልቆጠርኩትም። «የሚመዘገበው በተከፈሉበት ሳምንት ሳይሆን በሠሩበት ሳምንት ነው፤ ታክስ ሳይቆረጥ ያለውን ሙሉውን» ብላ አስረዳችኝ። ይህን የሳተ ሰው በኋላ ገንዘቡን መልስ ይባላል። በሳምንት ቢያንስ 3 የሥራ ፍለጋ እንቅስቃሴ እንደሚጠየቅም ነግራኝ፣ ቀኑንና ያመለከትኩበትን ቦታ የምጽፍበት ደብተር ከፈተችልኝ። እስከ ዛሬ እጽፍበታለሁ።

ማንነቴ ተረጋግጦ ገንዘቡ ሲገባ መጀመሪያ ያየችው ባለቤቴ ናት። ስልኩን ይዛ አለቀሰች።

የእህታችንን ስም የማልጽፈው ራሷ ስለጠየቀችኝ ነው። ወርክሶርስ ስትሄዱ አማርኛ የሚችል ሰው እንዳለ ጠይቁ፤ ባይኖርም በስልክ አስተርጓሚ ጠይቁ። የደሞዝ ወረቀታችሁን፣ መታወቂያችሁን፣ ያልከፈታችሁትንም ፖስታ ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ።

ባለቤቴ ድፎ ዳቦ ጋግራ ይዤላት ብሄድ «ጋሼ፣ እኛ ስጦታ መቀበል አይፈቀድልንም፤ ለሌሎቹ ይንገሩልኝ» ብላ መለሰችኝ። ይኸው ነገርኳችሁ።