ያገለገለ ጎማ ወይስ ርካሽ አዲስ?
ጅማ ዝናብ አይጠፋም። ጎማ ስትገዙ ይህን አስቡ።

ያገለገለው ዋጋው ቀለል ይላል፤ ብዙ ጊዜም የታወቀ ስም አለው። ግን ዕድሜውን እዩ። ጎኑ ላይ 2319 የሚል ካለ፣ በፈረንጆቹ 2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ጎማው ደርቆ የተሰነጠቀ አለ፤ እሱ ያስፈራል። ውስጡንም በእጃችሁ ዳብሱ። ጎኑ ላይ ከተለጠፈ በፍጹም አትግዙ።

ርካሹ አዲስ እርጥብ አስፋልት ላይ ፍሬን ሲያዝ ከውዶቹ ሊያንስ ይችላል። ሆኖም ያልተጎዳ ነው። የጊቤን ቁልቁለት ለሚወርድ ሰው እኔ እሱን እመርጣለሁ።

ብር ለአራቱ ካልበቃ፣ ሁለት አዲስ ገዝታችሁ ከኋላ አስገቡ፤ በዝናብ መኪናው ኋላው እንዳይንሸራተት ያግዛል። ያገለገለው ለመጠባበቂያ ይሁን።