የፎንዳንት ማብሪያ ግሌዝ ከ8 ወር በኋላ፦ ጌጡ ያበራል፣ ጠርሙሱ ግን ያረጃል

ፎንዳንት፣ ማለትም የኬክ ጌጥ የሚሠራበት የስኳር ሊጥ፣ ሲደርቅ ይደበዝዛል። ከእሱ የተሠራ ቼሪ ቅርጹ የቱንም ያህል ቢያምር ጠመኔ ይመስላል። ለዚህ መላ የተገዛው ባለ 60 ሚሊ ሊትር የሚበላ ግሌዝ (በብሩሽ የሚቀባ ማብሪያ ፈሳሽ) ከተከፈተ 8 ወር አለፈው። ዋናው ነገሩ ሼላክ ነው፤ ላክ የተባለች ትንሽ ነፍሳት የምታወጣው ሙጫ በአልኮል ሟሙቶ ማለት ነው። መለያው ላይ ኢ904 ተብሎ ይጻፋል። ከነፍሳት የሚገኝ ስለሆነ የጾም ኬክ ለሚያዝ ሰው አስቀድሞ መንገር ደግ ነው። ፎንዳንቱ ራሱ ከእንስሳት የሚገኝ ጄላቲን ካለው ደግሞ ነገሩ ከግሌዙ በፊት አብቅቷል።

አንዴ ሲቀባ ሳቲን ይመስላል፤ ሁለተኛው ያበራዋል፤ ሦስተኛው ሲደረብ ቼሪው ገና ከውሃ የወጣ ነው የሚመስለው። አራተኛ ከተጨመረ ግን ታች ጠርዙ ላይ ቡናማ እንባ ይንጠለጠላል። ግሌዙ ትንሽ ወርቃማ ስለሆነ ነጭ ጌጥን ቢጫ ያደርገዋል። ለቀይ፣ ለጥቁርና ለአረንጓዴ ይሁን፤ ለነጭ አበባ አይመከርም።

አቀባቡ ላይ ነው ብዙ የሚበላሸው። ጌጡ ቢያንስ 24 ሰዓት ይድረቅ፣ ወፈር ያለው 48። ሲዳመጥ የተነሰነሰው ኮርን ስታርች በደረቅ ብሩሽ ተጠርጎ ካልወጣ ግሌዙ ሥር ነጭ ነጥብ ሆኖ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ መላ የለውም። ጠርሙሱን አትነቅንቁት፤ አረፋው ጌጡ ላይ ይደርቃል። የሚበቃችሁን ያህል ብቻ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ፣ ስኒ ላይ ቀድታችሁ ወዲያው ክደኑት። ለስላሳ ብሩሽ ይዛችሁ በአንድ አቅጣጫ አንዴ ሳቡ። አልኮሉ ቶሎ ስለሚተን ሊደርቅ የጀመረውን መመለስ የብሩሽ ጭረት ያስቀራል። በየመሃሉ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ጠብቁ። በጄል ቀለም ወይም በሚበላ እስክሪብቶ የተሳለ ነገር ካለ አልኮሉ ያሟሟዋል፤ የአሻንጉሊቱ ቅንድብ ጉንጩ ላይ ይወርዳል። እዚያ ላይ ብሩሹን ሳታሹ ንክት ንክት አድርጉ።

ብሩሹ በውሃ አይጸዳም፤ ውሃ ሲነካው ነጭ ዝልግልግ ይሆናል። የሚያጸዳው ጠንካራ የምግብ አልኮል ነው። ደግሞም ይቀጣጠላል፤ ከጋዝ ምድጃም፣ ቡና ከሚፈላበት ከሰልም አርቁት።

ክረምት ላይ ያስቸግራል። እርጥበት ባለበት ቀን የተቀባው ገጹ ላይ ጉም የመሰለ ነጭ ነገር ያወጣል። ፍሪጅ የገባ ኬክም ሲወጣ ያልበዋልና ጌጡ ላይ ያው ይደርስበታል። ስለዚህ ጌጡን ለብቻው ቀብቶ ማስቀመጥና ኬኩ ላይ መጨረሻ ላይ መትከል ነው። ኬኩን ሙሉ በሙሉ መቀባትማ አይታሰብ፦ ሲቆረጥ ይሰነጠቃል፣ ሲታኘክም ወረቀት ወረቀት ይላል።

ሌሎቹ አማራጮች? ግሉኮስ ሽሮፕና ቮድካ እኩል ለእኩል ተቀላቅለው ሲቀቡ በጣም ርካሽ ናቸው፣ እርጥብ መልክም ይሰጣሉ። ችግሩ ሙሉ በሙሉ አይደርቁም፤ ጣት ቢነካው አሻራው ይታያል። እንፋሎት የስታርቹን ነጭ ያጠፋል፣ የተነሰነሰውን የዱቄት ቀለምም ያጣብቃል፤ 2 ወይም 3 ሰከንድ ይበቃዋል። የሚሰጠው ግን ወዝ እንጂ የእርጥብ መልክ አይደለም።

ከ8 ወር በኋላ ዋናው ቅሬታ ጠርሙሱ ነው። አፉ ሳይጠረግ በተከደነ ቁጥር ክዳኑ ይጣበቃል። አልኮሉ እየተነነ ሲሄድ ግሌዙ እንደ ማር ይወፍራል፤ ያን ጊዜ ጥቂት ጠብታ 95 በመቶ የምግብ አልኮል ያቀጥነዋል። እርጅናውን ግን አልኮል አይመልሰውም፦ ሼላክ በአልኮል ውስጥ ሲቆይ እየተለወጠ ስለሚሄድ መጀመሪያ በ20 ደቂቃ ይደርቅ የነበረው አሁን ከሰዓት በላይ እየወሰደ ነው፣ በጣት ሲነካም ይይዛል። አዲስ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ትርፍ ፎንዳንት ላይ ይሞከር፤ በማግስቱም ከጣበቀ ይጣል። በወር አንድ ሁለት ኬክ ለሚሠራ ሰው 60ው ሳያልቅ ያረጃል፤ 30 ሚሊ ሊትር ካገኛችሁ እሱን ግዙ።