ሲክስ ፍላግስ አሜሪካ፦ የሰልባጁ ፓርክ ስንብት

እናቴ ሮለር ኮስተር ላይ፣ ያ ሽቅብ ወጥቶ ቁልቁል የሚወረወረው መጫወቻ ላይ፣ የወጣችው በ68 ዓመቷ ነው። እሱን ቆየት ብዬ እነግራችኋለሁ።

ቦታው ሲክስ ፍላግስ አሜሪካ ነው፤ ሜሪላንድ የነበረው መዝናኛ ፓርክ። ዲሲ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ አድጎ እዚያ ያልረገጠ የሐበሻ ልጅ ያለ አይመስለኝም። 495 የሚባለውን አውራ ጎዳና ይዛችሁ 15ኛው መውጫ ላይ ትወጡና በሴንትራል አቬኑ ወደ ምሥራቅ ትነዳላችሁ። ከዛፉ በላይ ብረቱ ብቅ ሲል ከኋላ ወንበር ጩኸት ይጀመራል። ድርጅቱ ሊዘጋው መሆኑን ያስታወቀው ሜይ 1 ቀን 2025 ነው። ኖቬምበር 2 የመጨረሻው ቀን ሆነ። ስለዚህ ይሄ ግምገማ ማንንም ወደ በሩ አይወስድም። ቢሆንም የ25 ዓመት ደንበኛ ነኝና አስተያየቴን ሳልሰጥ አልቀርም። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።)

መጀመሪያ የሄድኩት በ2000 ሰመር ነው። ከአዲስ አበባ ከመጣሁ ዓመት አልሞላኝም። 16 ዓመቴ ነበር። እስከዚያ የማውቀው መጫወቻ ዥዋዥዌና ሸርተቴ ነው። የቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶች ቫን ተከራይተው ወሰዱን። ሱፐርማን የሚባለው ሮለር ኮስተር የተከፈተው በዚያው ዓመት ነው። ከፍታው ወደ 60 ሜትር፣ ፍጥነቱ በሰዓት 117 ኪሎ ሜትር። ቁጥሩን እንኳ የሰማሁት ኋላ ነው። ያን ቀን የማውቀው ጫፉ ላይ ስንደርስ እግዚአብሔርን በአማርኛ፣ ጎኔ የተቀመጠችውን ፈረንጅ በእንግሊዝኛ መለመኔን ብቻ ነው።

ሰልፉ ሁለት ሰዓት ፈጅቶ ነበር። ግን እንዴት ያለ ሁለት ሰዓት! ከፊታችን የቆሙ ሁለት ልጆች ዞር ብለው አዩንና «ሐበሻ ናችሁ?» አሉን። ከኋላችን ያለ ጥቁር አሜሪካዊ ልጅ ስሜን አስተካክሎ ለመጥራት አሥር ጊዜ ሞከረ። ትምህርት ቤት ዓመቱን ሙሉ አፌን ያልከፈትኩት እኔ፣ እዚያ ሰልፍ ላይ በእንግሊዝኛ ቀለድኩ። ቀልዱ ጠፍቶኛል። መሳቃቸው ግን እስከ ዛሬ ትዝ ይለኛል። ከሁለቱ ልጆች አንዷ ኋላ ሚዜዬ ሆናለች።

በጁላይ 2025 ልጄ ሱፐርማን ላይ ለመውጣት የጠበቀው ሰባት ደቂቃ ነው። ወረደ፣ መልሶ ገባ። ወረደ፣ መልሶ ገባ። አራተኛው ላይ «በቃኝ» አለ። 13 ዓመቱ ነው፤ በዚያ ዕድሜ ማን ይበቃዋል? ረቡዕ ቀን ነበር፤ ሰማዩም አኩርፏል። እሱን አልክድም። ግን ሰልፍ የሌለበት መዝናኛ ፓርክ እንግዳ የቀረበት ድግስ ነው። ወጡ ያው ነው፣ እንጀራው ያው ነው። ድንኳኑ ውስጥ ግን ነፋስ ይገባል።

ለምን እንዲህ ሆነ? ብዙ ሰው «አረጀ» ይላል። እኔ አልስማማም። እዚያ ግቢ ውስጥ በጣም ያረጀው ነገር ከሁሉም የተሻለው ነበር፤ እደርስበታለሁ። የእኔ ግምት ሌላ ነው። ይሄ ፓርክ የራሱ የሚለው ነገር አልበረከተለትም።

በ1974 ሲጀመር መዝናኛ ፓርክ እንኳ አልነበረም። ሰው መኪናውን እየነዳ የዱር አራዊት የሚያይበት ቦታ ነበር። አላዋጣም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ዋይልድ ወርልድ ተባለና ዋናው ነገሩ ውኃ ሆነ። በ1994 አድቬንቸር ወርልድ ተባለ። በ1999 ደግሞ ሲክስ ፍላግስ አሜሪካ። ከአራዊቱ ዘመን ስም ጋር በ25 ዓመት አራት ስም ማለት ነው። እንዲህ ስሙን ቶሎ ቶሎ የሚቀይር ሰው ቢገጥመን መቶ ብር አናበድረውም።

መጫወቻዎቹም ከስሙ አይሻሉም። ሰልባጅ ታውቃላችሁ። ፈረንጅ ለብሶ የጠገበው፣ ከቦንዳ ተመዞ እኛ ላይ አዲስ የሚሆነው። ሲክስ ፍላግስ አሜሪካ የለበሰው ሰልባጅ ነው። ራጂን ኬጁን የምትባለው የምትሽከረከር ኮስተር በ2014 የመጣችው ቺካጎ አጠገብ ካለው የዚሁ ድርጅት ፓርክ ነው። ፋየርበርድም ከዚያው ነው። የፋየርበርድ ታሪክማ ጉድ ነው። በ1990 እዚያ ኢሊኖይ ሲከፈት ስሙ አይረን ዉልፍ ነበር፤ ሰው ቆሞ ነበር የሚሄድበት። በ2012 ሜሪላንድ መጥቶ አፖካሊፕስ ተባለ። በ2019 መቀመጫ ተደርጎለት ፋየርበርድ ሆነ። ሱፐርማን እንኳ መንታ አለው፤ ኒው ዮርክ፣ ዳሪየን ሌክ የሚባል ፓርክ ውስጥ፣ በአንድ ዓመት የሚበልጠው።

በሰልባጅ አላፍርም። አዲስ አበባ እያለሁ ከሰልባጅ ሌላ ምን ለብሼ አውቃለሁ? ግን ቁጥሩን እዩት። ሮር የሚባለው የእንጨት ኮስተር 1998። ጆከርስ ጂንክስ 1999። ሱፐርማን 2000። በጀርባ አስተኝቶ የሚያበርረው ባትዊንግ 2001። በአራት ዓመት አራት ትልልቅ አዲስ ነገር! እኔ የደረስኩት በዚህ ደህና ዘመን መሆኑ ነው። ያኔ በየሰመሩ «ዘንድሮ ምን አመጡ?» ብለን ነበር የምንሄደው። ከዚያ ወዲህ የተጨመሩት ኮስተሮች እነዚያ ከኢሊኖይ የተነቀሉት ናቸው። «ዘንድሮ ምን አመጡ?» የሚለው ጥያቄ ሲሞት ፓርኩም አብሮ ሞተ ባይ ነኝ። መዝጊያው ብቻ ነው የዘገየው።

ባለቤቱ ድርጅት በ2009 ኪሳራ ውስጥ ገብቶ የፍርድ ቤት ጥበቃ ጠየቀ፤ በ2010 ወጣ። በጁላይ 2024 ሴዳር ፌር ከሚባለው ተፎካካሪው ጋር ተዋሃደ። 42 ፓርክ በአንድ እጅ ገባ። ቨርጂኒያ፣ ዶስዌል ያለው ኪንግስ ዶሚኒየን የሴዳር ፌር ነበር። እና ትናንት ደንበኛ ይሻሙ የነበሩ ሁለት ፓርኮች በአንድ ሌሊት የአንድ ቤት ልጆች ሆኑ። የእንጀራ ልጁ የትኛው እንደሆነ ለመለየት ዓመት አልፈጀም። ዋሽንግተን አፍንጫ ሥር ያለ 200 ሄክታር ገደማ መሬት ደግሞ ከኮስተር ይልቅ ሲሸጥ ያዋጣል።

ስለ ሰልፍ አንድ ነገር ልጨምር፤ ይሄኛው የአንድ ፓርክ ጉዳይ አይደለም። ዛሬ ትልልቆቹ ፓርኮች የሰልፍ ነጋዴ ሆነዋል። ዲዝኒ በ1999 የሰልፍ ማለፊያውን ፋስትፓስ ብሎ ሲጀምረው ነፃ ነበር። ወረቀትህን ትቀበላለህ፣ በሰዓትህ ትመለሳለህ። በ2021 የሚከፈልበት ሆነ። ሲክስ ፍላግስም የራሱን ማለፊያ ይሸጣል። ነጋዴ ነውና አልፈርድበትም። ግን ባለፈው ዓመት ሌላ ስቴት ያለ ፓርክ ሄደን (ስሙ ይቅር) ለልጄና ለጓደኛው የሰልፍ ማለፊያ ገዛሁ። ለእኔ ስደርስ ኪሴ አለቀሰ። ልጆቹ በአንዱ በር፣ እኔ በሌላው በር። እነሱ ጨርሰው ወጥተው እኔ ገና መሃል ነኝ። ቀኑን ሙሉ ስልኬን እያየሁ «አሁን የት ናችሁ?» ስል ዋልኩ። ከጎኔ የቆመው ሰውዬም ስልኩን ነው የሚያየው። ሚዜ የሚገኝበት ሰልፍ ድሮ ቀረ።

ወደ ረቡዓችን ልመለስ። ምግብ ይዞ መግባት አይቻልም ነበር፤ የብዙ ፓርክ ደንብ ነው። እናቴ ግን ከቤት ስትወጣ ለጦር ሜዳ የምትሰንቅ ነው የምትመስለው። የጾም ፍርፍር፣ ሽሮ በትንሽ ሳህን፣ ሁለት ጠርሙስ ውኃ። ስድስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ወደ መኪና ማቆሚያው ወጣን። ፖርታባጋሊዮውን ከፍተን፣ ጠርዙ ላይ ተቀምጠን በላን። ከሁለት መኪና ወዲያ አንድ የሳልቫዶር ቤተሰብ እንዲሁ ፖርታባጋሊዮ ከፍቶ ይበላል። እናቴ እጇን ዘርግታ «እንብላ» አለቻቸው። ሴትየዋ በእስፓኒሽ መለሰችና ሁለት ማንጎ ሰጠችን። እውነቱን ንገሪ ካላችሁኝ፣ የ2000ው ሰልፍ የመሰለኝ ይሄ ነው። አምስት ኮከብ፣ ለመኪና ማቆሚያው።

የውኃው ክፍል፣ ሃሪኬን ሃርበር፣ በዚያው ትኬት ነበር የሚገባው። ይሄ ሁልጊዜ የምወድለት ነገር ነበር። ትንንሽ ልጅ ላለው ሰው ከኮስተሩ ይልቅ እሱ ነበር ገንዘቡን የሚያወጣው። ለሽማግሌ ግን እዚያ ግቢ ውስጥ ከአግዳሚ ወንበር ሌላ የሚሆን ነገር አልነበረም። ተሳፈረ አልተሳፈረ መግቢያው አንድ ነበር። እናቴም ትኬቷን በአግዳሚ ወንበር ልትጨርሰው ተቀምጣ ነበር። ቆሎ በመቀነቷ አስገብታለች፤ ለማንም እንዳትናገሩ።

ድንገት ቆሎ መቆርጠሟን አቆመች።

«ይሄ ባቡር ነው» አለች።

«አይደለም እማዬ፣ መጫወቻ ነው።»

«እኔን ነው ባቡር የምታስተምሪኝ?»

እናቴ የድሬዳዋ ልጅ ናት። አባቷ ምድር ባቡር ነበር የሚሠራው። የሰማችው ድምፅ ዋይልድ ዋን ነው፤ ያ ያልኳችሁ አሮጌ። ሁለመናው እንጨት ነው። የተሠራው በ1917፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ ሃል በምትባል የባሕር ዳር ከተማ፣ ፓራጎን ፓርክ ነው። ያ ፓርክ በ1980ዎቹ ሲዘጋ ተገዝቶ፣ ተነቅሎ፣ ሜሪላንድ መጥቶ በ1986 ቆመ። ስለዚህ እሱም ሰልባጅ ነው። ግን ጥሩ ሰልባጅ! አንዳንዴ ከቦንዳው ውስጥ የአያት ካፖርት ይወጣ የለ? ስፌቱ የማይላቀቅ፣ ክብደቱ ትከሻ የሚያሞቅ። እሱ ነው።

1917 ማለት ደግሞ ከጅቡቲ የተነሳው ባቡር አዲስ አበባ የገባበት ዓመት ነው። ንግሥት ዘውዲቱ ዘውድ የጫኑበትም ነው። ይሄን ለእናቴ ስነግራት ነጠላዋን አወለቀችና ሰጠችኝ። «ልሂድበት» አለች። ደም ግፊቷን አስታወስኳት። «መድኃኒቴን ጠዋት ውጫለሁ» አለች። ልጄ በደስታ እጇን ይዞ ሮጠ። የሚጠብቅ ሰው ስላልነበረ ወዲያው ገቡ። ነጠላውን ቦርሳዬ ውስጥ ጠቅልዬ እኔም ከኋላቸው ተቀመጥኩ።

ሰንሰለቱ ቀጭ ቀጭ እያለ ወደ ላይ ጎተተን። እንጨቱ ሲያቃስት ይሰማል። የብረቶቹ ኮስተሮች እንዲህ አያወሩም፤ ዝም ብለው ይወረውሩሃል። ይሄ ግን ቀድሞ ያስጠነቅቃል። የእናቴን ማጅራት እያየሁ «ጌታ ሆይ፣ ለወንድሞቼ ምን ብዬ ነው የምነግራቸው» እያልኩ ነው። ወረድን። ተነሳን። ከመቀመጫዬ ብድግ አልኩ። እናቴ አንድ ጊዜ «በስመ አብ!» አለች፣ አለቀ። ልጄ ነው እንደ እብድ የሚጮኸው። መጨረሻ ላይ ክብ እየዞረ ሲያዘነብለን ከፊት ሁለት ትከሻ ሲነቀነቅ አየሁ። አለቀሰች ብዬ ደነገጥኩ። እየሳቀች ነው።

ስንወርድ ጉልበቷን ይዛ ትንሽ ቆመች። «አዋሽ ላይ እንዲህ ነበር የሚያደርገን» አለች። ልጄ አዋሽ ምን እንደሆነ ጠየቃት። ከዚያ እዚያው መውጫው ላይ ቆመው፣ ስለ ባቡሩ፣ በየጣቢያው ስለሚሸጠው ሎሚና ብርቱካን፣ አያቷ ደብድበው ስላስወረዱት ያለ ትኬት የተሳፈረ ፍየል ስትነግረው ቆየች። ልጄ ስልኩን አላወጣም። ሱፐርማን አራት ጊዜ ሄዶ ያልጠየቀኝን ጥያቄ ሁሉ እሷን ጠየቃት። ከዚያ መልሰው ገቡ። እኔ ቀረሁ፤ ወገቤ እንደ እሷ አይደለም።

ለዋይልድ ዋን አምስት ኮከብ። ለሱፐርማን አራት፤ ነጥቡ ከነትዝታው ነው። ለባትዊንግ ሦስት፤ ተንጋሎ መብረር ለእኔ አልሆነም። ለፋየርበርድ ሁለት። ለፓርኩ በጠቅላላው ሦስት፣ በ2000 ብትጠይቁኝ ኖሮ ስድስት እሰጠው ነበር።

ስንመለስ 495 ላይ ትራፊክ ተያዘ። እናቴ ከኋላ ጋደም ብላለች። የተኛች መስሎኝ ነበር።

«ያ ቨርጂኒያ ያላችሁት፣ እዚያስ የእንጨት አለው?» አለች።

ልጄ ስልኩን አወጣና ፈለገ። ኪንግስ ዶሚኒየን ከተከፈተበት ከ1975 ጀምሮ የቆመ፣ ሬሰር 75 የሚባል እንዳለ ነገራት።

«በፈረንጅ?»

«በፈረንጅ።»

በጣቶቿ ቆጠረች።

«ታናሼ ነው» አለችና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች።