የዛገ የኤንፒአር ሻንሲ፦ በግራይንደር ይፋቅ ወይስ ሳንድብላስት ይደረግ? ብሩን ቆጥሬ ልንገራችሁ

ሰሞኑን የሚደውልልኝ ሰው ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው፣ "ሻንሲዬ ዝጓል ምን ላስደርገው?" ሻንሲ ማለት መኪናው ሁሉ የሚቀመጥበት የስሩ ብረት ነው። ለአንዱ አስረድቼ ሳልጨርስ ሌላው ይደውላል፣ ስለዚህ አንዴ ልጻፈውና ይቺን እያነበባችሁ ገላግሉኝ። ከመጀመሪያው ልናገር፣ ገለልተኛ አይደለሁም፣ የሳንድብላስት (ብረቱን በአየር ግፊት በሚረጭ አሸዋ እየመቱ ዝገቱን ማንሳት) ወገን ነኝ፣ የሆንኩትም ብሬን ከተበላሁ በኋላ ነው።

መኪናዬ አሮጌ ኤንፒአር፣ የአይሱዙ ጭነት መኪና ናት። ከኔ በፊት የነበሩት ሰውዬ ከአፍዴራ ጨው ሲያመላልሱባት እንደኖሩ የነገሩኝ እሳቸው ሳይሆኑ ሻንሲው ነው። ከካሶኒው (ጭነቱ የሚቀመጥበት ሳጥን) ስር ጣቴን ሰድጄ ሳወጣው ነጭ ዱቄት ይዞ ወጣ፣ ምላሴ ላይ ነካ ሳደርገው ጨው። ጨው ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም፣ ከአየሩ እርጥበት እየሳበ ብረቱን ሌት ተቀን ይበላዋል። ማዳበሪያ ስትጭን የኖረች መኪናም ብዙ አትሻልም።

በርካሹ ልጀምር፣ የተቃጠለ ዘይት በናፍጣ አቅጥኖ መርጨት። ነፃ ነው ማለት ይቻላል፣ ጥሩነቱም እዚያው ላይ ያልቃል። አቧራ ይጋግርባችኋል፣ ቡሽና ጎማ ያሳብጣል፣ ስንጥቅ ይደብቃል፣ ነገ ቀለም ልቀባ ስትሉ ደግሞ ዘይቱን ለማጠብ የምትከፍሉት ያዳናችሁትን ይበላዋል። ሬንጅ ቀቡት የሚሏችሁንም አትስሙ፣ ዝገት ላይ የተቀባ ሬንጅ እርጥበቱን ከስር አፍኖ ይይዘውና ከላይ ሲያዩት ጥቁር የሚያምር ነገር ነው፣ ስሩ ግን እየተበላ ነው።

አሁን ወደ ዋናው። ዋጋው ባለፈው ወር ለባለቤቴ ወንድም መኪና ዞረን የጠየቅነው ነው፣ እናንተ ስትሄዱ ሊለወጥ ይችላል፣ ቲነር ራሱ በሳምንት ሁለት ዋጋ አለው።

በግራይንደር፦ ሁለት ሰው 4 ቀን በቀን 900 ሂሳብ 7,200፣ የሽቦ ብሩሽ 8 ፍሬ በ450 3,600፣ ቀዩ አንቲረስት (ዝገት የሚከላከለው የስር ቀለም) 2 ጋሎን 4,800፣ ጥቁር ሲንተቲክ 2 ጋሎን 5,200፣ ቲነር 5 ሊትር 1,750። ድምር 22,550።

በሳንድብላስት፦ ማስመቻው በቁርጥ 28,000፣ ኢፖክሲ ፕራይመር (የስሩ ቀለም) 2 ሴት፣ ማለትም ቀለሙ ከነማጠንከሪያው፣ 13,000፣ ላዩ የሚቀባው ጥቁር ኢፖክሲ 2 ሴት 12,400፣ የራሱ ቲነር 2,400፣ ቀቢው 6,000፣ ካሶኒውን ማንሳትና መልሶ ማሰር 9,000። ድምር 70,800።

ወዲያው "ኧረ ሦስት እጥፍ ነው!" ትላላችሁ። እኔም ብያለሁ፣ ብዬም መጀመሪያ በግራይንደሩ ሄድኩ።

ቀቢው "ጋሼ አያስቡ፣ ስንት መኪና ሰርቻለሁ" አለኝ። አላሰብኩም። የሽቦ ብሩሽ ወፍራም ዝገት ላይ ሲዞር ዝገቱን አያነሳውም፣ ይወለውለዋል፣ ቡናማ ሆኖ ያብረቀርቅና የጸዳ ብረት ይመስላችኋል። ሻንሲው ደግሞ እንደ ቦይ የታጠፈ ነው፣ ግራይንደሩ ከውጭ ያለውን ፊት በደንብ ያገኘዋል፣ ውስጡ ግን ማዕዘኑ ጋ አይደርስም፣ ሁለት ብረት የተደራረበበት ቦታማ ጭራሽ። እነሱም የማይደርሱበትን በቀለም ሸፈኑት። ክረምቱ አልፎ መስከረም ላይ ስር ገብቼ ሳይ ቀለሙ እንደ እንጀራ ዓይን ተነፋፍቷል፣ በቁልፍ ጫፍ ጫን ስለው ከነቅርፊቱ መዳፌ ላይ ወደቀ፣ የቅርፊቱ ጀርባ ርጥብ ነበር።

ያም ሆኖ እንዳለ ነዳኋት። በ14ኛው ወር ዝገቱ ከተደራረበው ብረት መሃል አብጦ ሪቬቶቹን (ብረቶቹን ያያያዙትን ምስማሮች) ገነጠላቸው። ዝገት ከበላው ብረት ብዙ እጥፍ ቦታ ነው የሚይዘው፣ መሃል ሲገባ እንደ ሽብልቅ ነው የሚከፍተው። ሁለት ተሻጋሪ ብረት አስቀየርኩ፣ በአሁኑ ዋጋ 35,000 ነው። እሱም ላይ መካኒኩ ጭንቅላቱ ላይ ምንም ቁጥር የሌለው ብሎን ሊያስርልኝ ሲል ደረስኩበት። ለሻንሲ 10.9 የሚል የጥንካሬ ቁጥር የተመታበትን ነው የምትገዙት፣ ቁጥር የሌለው ብሎን ለበር ማጠፊያ ይሁን። ከላይና ከታች ባለው የሻንሲ ከንፈር ላይ ብየዳ እንዳታስነኩ፣ እዚያ ጋ ነው ጭነቱ የሚጎትተው፣ የተበየደው አጠገብ ይሰነጠቃል።

ስለዚህ ሂሳቡ 22,550 ሲደመር 35,000፣ 57,550 ለ14 ወር፣ በወር 4,110 መሆኑ ነው። ሳንድብላስት ካስደረግኳት 30 ወር ሞላ፣ ሦስተኛ ክረምቷን ይዛለች፣ 70,800 ለ30 ሲካፈል 2,360፣ ገና እየቀነሰም ነው። እውነቱን ለመናገር ሪቬት ባይነቀልብኝ ኖሮ ግራይንደሩ በወር 1,610 ነበር የሚመጣው፣ በወረቀት ያሸንፋል። ግን መኪናዋ በቆመች ቁጥር የሚቀረውን ጭነት ማን ይክፈለኝ? እሱን አልቆጠርኩትም፣ ብቆጥረው ያናድደኛል።

ሳንድብላስት ያስደረግኩት ቃሊቲ አካባቢ ብረታ ብረት የሚሰሩ ጋ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ላቫጆ ወስዳችሁ በግፊት ውሃ ደጋግማችሁ አሳጥቡ፣ አሸዋው ዝገት ያነሳል እንጂ ስርጉዱ ውስጥ የቀረ ጨው አያወጣም፣ ያ ጨው ከቀረ ኢፖክሲውንም ከስር ያነሳዋል። ታጥቦ ሲደርቅ ነው የሚመታው። ብረቱ ነጭ ግራጫ ሆኖ ሲወጣ የባሌስትራው (መኪናዋን የሚሸከመው የተደራረበ ብረት) ማሰሪያ አጠገብ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ አየሁ፣ ስንት ዓመት በቀለም ላይ ቀለም እየተቀባበት እንደኖረ እግዜር ይወቀው። ለኔ ለዚህ ብቻ ቢሆን እንኳ 28 ሺው ያዋጣል።

የሚያስጠነቅቀኝ ሰው አጥቼ ያየሁትን ልንገራችሁ። የሻንሲ ቁጥሩን ሊብሬው እያያችሁ ፈልጉና ግሪስ ቀብታችሁ በወፍራም ፕላስተር ጠቅልሉት፣ ቁጥሩ ከጠፋ ቦሎ ስታወጡም ስም ስታዛውሩም መከራችሁ ነው (ግራይንደርም ያጠፋዋል፣ እንዲያውም ይብሳል)። የፍሬን ቱቦ፣ ሽቦ፣ ሰልባትዮ (የነዳጅ ታንከር) ይውጣ፣ የጎማ ኩሽኔታ ጋ አሸዋ እንዳይገባ ይሸፈን። የሚመታው ልጅ ጨርቅ ብቻ አፉ ላይ አስሮ ከሆነ አታሰሩት፣ የአሸዋ ብናኝ ሳንባ ይጨርሳል። ደግሞ ጠዋት 2 ሰዓት ካልጀመሩ ሌላ ቀን ይሁን፣ የተመታ ብረት ራቁቱን ስለሆነ ካደረ በማግስቱ ብርቱካን ቀለም ይዞ ነው የምታገኙት። ፕራይመሩ የዛኑ ቀን፣ ጤዛ ሳይወርድ።

አንዱ ወዳጄ ከዚህ ሁሉ አሲድ አይሻልም ወይ ብሎኛል። ፎስፎሪክ አሲድ ያለበት የዝገት መቀየሪያ ለስስ ዝገት ይሰራል፣ ቅርፊት ያለው ላይ ግን ላዩን አጥቁሮ ይቀራል። የባትሪ አሲድ የቀባ ጋራዥ አይቻለሁ፣ እሱ እንኳን ለሻንሲ ለጠላትም አይመከርም፣ መጋጠሚያው ውስጥ ቀርቶ መብላቱን ይቀጥላል።

ቀለሙ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። መርካቶ ቀይ አንቲረስት ስገዛ ባለሱቁ ሁለት ዋጋ ነገረኝ፣ ጣሳው አንድ ዓይነት፣ ልዩነቱ 600 ብር። ሁለቱን በሁለት እጄ ሳነሳቸው ርካሹ ቀለል አለኝ፣ ክዳኑን ሳይ ጠርዙ በካቻቢቴ ተከፍቶ ተመልሶ ተቀጥቅጧል። ደህና አንቲረስት ከባድ ነው፣ ስሩ ላይ የተቀመጠ ወፍራም ነገር አለው፣ በእንጨት ስታማስሉት ይታገላችኋል። እንደ ሻይ የሚማሰል ከሆነ መልሱት። ኢፖክሲ ከሆነ ሁለት ጣሳ ነው የሚሸጠው፣ ማጠንከሪያው አብሮ ከሌለ አይደርቅም፣ ልኬቱን ጣሳው ላይ እንደተጻፈው እንጂ በግምት አትቀላቅሉ፣ ተራ ቲነርም አታስነኩት። ፀሐይ ላይ ያፈዛዋል የሚሉት እውነት ነው፣ ሻንሲ ግን ጥላ ስር ነው የሚውለው፣ ምን ያገባኛል።

ግራይንደር ለማን ይበቃል? መዶሻ ይዛችሁ ሻንሲውን ዳር እስከ ዳር ነካ ነካ አድርጉ። ጥርት ብሎ ከጮኸና ካቻቢቴ ስትቧጭሩበት የሚነሳው ዱቄት ብቻ ከሆነ በግራይንደር ጨርሱት፣ ግን ላዩ ላይ ኢፖክሲ ይሁን። ድም ካለ፣ ወይም ቅርፊት ካነሳ፣ ከኔ ጋር አትከራከሩ።

የባለቤቴ ወንድም ግን ተከራከረኝ፣ የሱ መኪና እንዲያውም ጅቡቲ ስትመላለስ የኖረች ናት። ይሄን ሁሉ ሂሳብ ወረቀት ላይ አስቀምጬ አሳየሁት፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ትናንት ማታ መጥቶ ግራይንደሬን ተዋሰኝ። ብሩሹን ራስህ ግዛ አልኩት።