ሐሙስ ሐሙስ ለሚመጡት እታበባ

ስማቸውን አልጽፍም። «ስሜን ከጻፍሽ እግሬ ደጅሽን አይረግጥም» ብለውኛል፤ ካሉ ደግሞ ያደርጉታል። የሰፈሩ ሰው ሁሉ እታበባ ነው የሚላቸው፣ እኔም እንደዚያው ልበል። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው።

የምጽፈው ለማመስገን ነው። ደግሞም እዚህ ባህር ዳር እንደ እኔ የተቸገረ ቢኖር፣ እንዲህ ያለ ሰው መኖሩን ይወቅ ብዬ ነው። እኔ እስከ አራተኛ ክፍል ብቻ ስለተማርኩ እየተናገርኩ ልጄ ናት የምትጽፈው። የቃላት ስህተት ካያችሁ የእሷ ነው።

እኔና ባለቤቴ ከሁለት ልጆቻችን ጋር ሽምብጥ አንድ ክፍል ተከራይተን ነበር የምንኖረው። እሱ የቀን ሥራ ይሠራል፤ ክረምት ሲገባ ግንባታው ይቀዘቅዝና ቤት ይውላል። እኔ እንጀራ ጋግሬ ለጎረቤት እሸጣለሁ። ከሌሊቱ አስር ሰዓት ተነስቼ እለፋለሁ፣ ወር ሲያልቅ ግን የሱቁን ዱቤ እንኳ አልዘጋም። ለምን እንደማይበቃኝ አይገባኝም ነበር። እድሌ ነው ብዬ ተቀምጫለሁ።

እርዳታ አይቼ አላውቅም ማለቴ አይደለም። አንድ ጊዜ ስሙን የማልጠቅሰው ድርጅት መጥቶ ዘይትና ዱቄት ሰጠን። ዘይቱን ይዘን፣ ተሰልፈን ፎቶ ተነሳን። ዘይቱ ወር ሳይሞላው አለቀ። ፎቶው የት እንደደረሰ እንጃ።

እታበባ የመጡት በእድር በኩል ነው። የእድሩ ሴቶች ሰብሰብ ብለው፣ እያንዳንዳቸው አንድ ቤተሰብ ይዘው ቢያንስ ለአንድ ዓመት በየሳምንቱ ሊጠይቁ ተስማምተው ነበር። ለእኔ እርሳቸው ደረሱኝ። የመጀመሪያው ሐሙስ ቡና አፈላሁ። ስኳር አልነበረኝም። ልጄን ወደ ጎረቤት ልልክ ስል ዓይኔን አይተው «እኔ በጨው ነው የምጠጣ» አሉ። ውሸታቸውን ነው! ከሁለት ወር በኋላ ቤታቸው ሄጄ ሦስት ማንኪያ ስኳር ሲጨምሩ ያዝኳቸው።

ገንዘብ አልሰጡኝም። ከቦርሳቸው ያወጡት አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር ነው። በግራ ገጽ የወጣ፣ በቀኝ ገጽ የገባ። «ክብሪት እንኳ ብትገዢ ይጻፍ» አሉኝ። እኔ ማታ ማታ እናገራለሁ፣ ልጄ ትጽፋለች።

ወሩ ሞልቶ ሦስታችን ቁጭ ብለን ደመርን። ጤፍ በኪሎ ነበር የምገዛው፣ ያውም በዱቤ። ከሰል በፌስታል። ዘይት በብርጭቆ። በእያንዳንዱ ላይ ጥቂት ጥቂት ብር እጨምራለሁ፤ ጥቂት ስለሆነ ዓይቼው አላውቅም። እታበባ የጤፉን ብቻ ለይተው በኩንታል ብገዛ ኖሮ ስንት እንደሚሆን አሰሉ። በወር የማጣው ከቤት ኪራያችን ግማሽ በለጠ። እርሳስ ይዘው ከቁጥሩ ስር ሁለት ጊዜ አሰመሩበት። ለካ እኔ ጤፍ ከባለሀብቱ አስወድጄ ነው የምገዛው።

ታዲያ ለኩንታል የሚሆን ገንዘብ ከየት ይምጣ? ዕቁብ አለ። ዕቁቡን ለመብላት ግን ዋስ ያስፈልጋል። ከገጠር ከመጣን ስድስት ዓመት አልፎናል፤ በዚህ ሁሉ ከተማ ለእኔ ዋስ የሚሆን አንድ ሰው አልነበረም። ብዙ ሰው አውቃለሁ፤ ሰላም እላለሁ፣ እንጀራ እሸጣለሁ። ዋስ ሁኑኝ ብዬ የማስቸግረው ግን የለኝም። እስከዚያ ቀን ድህነት የብር ነገር ብቻ ይመስለኝ ነበር። እታበባ የዕቁቡን ዳኛ ጠርተው «ለእሷ እኔ አለሁ» አሉት። ሦስት ቃል ናት። ዳኛው ስሜን ጻፈ።

ዕጣው በሰባተኛው ሳምንት ወጣልኝ። ኩንታል የአዴት ጤፍ ገዝቼ በጋሪ አስጫንኩ። ቤት ስደርስ አልጋ ላይ እንጂ የማስቀምጥበት ቦታ የለም። ባለቤቴ ጆንያውን ፈታ አድርጎ እጁን እስከ ክንዱ ከተተው። ምንም አላለም። እጁን ቶሎ አላወጣውም ብቻ።

ከዚያ ጣና ዳር ካሉት አሳ ቤቶች ሁለቱን አስተዋወቁኝ። የአንዱ ባለቤት ተማሪያቸው ነበር። «መጀመሪያ እንጀራዋን ቅመስ፣ ካልጣመህ ለእኔ ብለህ እንዳትገዛ» አሉት ፊቴ ላይ። በጣም አፈርኩ። ግን ጣመው። ደብተሩ እዚህም ጠቀመኝ፤ የረቡዕና የዓርብ ትእዛዝ እንደሚበልጥ ያወቅሁት ከእሱ ነው። አሳ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለካህናት ትቼዋለሁ፤ እኔ የማውቀው በሁዳዴ 55ቱንም ቀን ምጣዴ እንደማይቀዘቅዝ ነው።

ሁሉም ነገር ሰመረ ብዬ አልዋሻችሁም። እታበባ ዶሮ አርቢ ብለው መከሩኝ፣ 20 ቄብ ገዛሁ። ፈንግል ገባና በአራት ቀን ውስጥ ሦስት ቀሩ። በጣም ተናደድኩ፣ ያ ሐሙስ ቡናም አላፈላሁ። መጥተው በር ላይ ቆሙና «ክትባታቸውን ሳልጠይቅ ግዢ ያልኩሽ እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ። ትልቅ ሰው ለእኔ ለትንሿ ጥፋቴ ነው ሲለኝ የመጀመሪያዬ ነበር። ያን ዕለት የሞቱትን አብረን ቀበርን።

እኔም አስቸግሬያቸዋለሁ። ለትንሹ ልጄ ክርስትና ተበድሬ ልደግስ ስል ተጣላን። «ሰው ምን ይለኛል» አልኳቸው። «ሰው ብድሩን ይከፍልልሻል ወይ?» አሉ። ሁለት ሐሙስ አኮረፍኳቸው፤ እርሳቸው ግን አልቀሩም፣ እየመጡ ልጄን ሂሳብ ያስጠኑ ነበር። በመጨረሻ ደገስኩ፣ ግን በአንድ ድስትና በአንድ ጋን ጠላ። አሁንም ትንሽ ደስ አይለኝም፣ እውነቱን ለመናገር።

ሌላውን ላሳጥረው። ከአራት ሴቶች ጋር ከጸደይ ባንክ፣ ከድሮው አብቁተ ማለቴ ነው፣ የቡድን ብድር ወስደን የኤሌክትሪክ ምጣድ ገዛሁ። አሁን ሁለት ክፍል ነው የምንኖረው። የሱቁ ዱቤ ተዘግቷል። መብራት ሲጠፋ ዛሬም በማገዶ ነው።

አምና የእታበባ ባለቤት አረፉ። የለቅሶውን እንጀራ ሦስቱንም ቀን እኔ ጋገርኩ። ማንም አላዘዘኝም። እንግዳው ከተበተነ በኋላ አንድ ሐሙስ መጡና ደብተሩን ሳይከፍቱ እስኪመሽ አለቀሱ። እኔ እስከዛሬ እርስዎ ነው የምላቸው። ያን ቀን ግን እጃቸውን ይዤ «አይዞሽ» ማለቴን በኋላ ነው ያስታወስኩት። አልተቆጡኝም።

ልጄ «ይህንንም ጨምሪ» ትለኛለች፤ ስልኳ ላይ አንብባ ነው። ባንግላዴሽ ውስጥ ብራክ የሚባል ድርጅት በፈረንጆች 2002 የጀመረው ሥራ አለ አሉ። ለድሃ ቤተሰብ ላም ወይም ፍየል ይሰጥና በየሳምንቱ ቤቱን የሚጎበኝ ሰው ይመድባል። ኢትዮጵያን ጨምሮ በስድስት አገር ተሞክሮ በዚያው በፈረንጆች 2015 ጥናቱ ታትሟል። እኛ ጋ ላሟ የለችም፣ ጠያቂዋ ናት ያለችው። ለእታበባ ብነግራቸው «ላሟም ብትመጣ አልጠላም» አሉ።

እንግዲህ ጥቆማዬ ይኸው ነው። የምትፈልጉት ብር ከሆነ እታበባ ጋ አትሂዱ፣ ታዝናላችሁ። ደብተር ለመያዝ የምታፍሩ ከሆነም ይከብዳችኋል፤ ቤት ውስጥ የሚጠጣም የሚቆምርም ካለ ሳያፍሩ ይጠይቃሉ። ከዚህ ሁሉ ጋር ከቻላችሁ ግን እድራችሁን ጠይቁ፤ የሽምብጥ እድሮች ይነግሯችኋል። በሌላ ቀበሌ ካላችሁም እንዲህ ያለ ቡድን ይቋቋም በሏቸው። የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም፤ በሳምንት ግማሽ ቀን ያላት፣ ሂሳብ የምትችል፣ የሰው ገበና የማታወጣ ሴት። ጡረተኞችና የቢሮ ሰዎች፣ ይህ ለእናንተም ነው። አሁን ሰው የሚጠብቁ ቤተሰቦች ከጠያቂዎቹ ይበዛሉ። እኔንም አንዲት ልጅ እግር እናት ያዢ ብለውኛል፤ ደብተሩን ገዝቻለሁ፣ ገና አልጀመርኩም፣ ፈርቻለሁ።

ጥያቄ ያላችሁ ጻፉልኝ፣ ልጄ ታነብልኛለች። ሐሙስ ከሰዓት ግን አትጠብቁኝ፤ ቡና ላይ ነኝ፣ ስኳርም አለ።