የልጄን የአባት ወገን ሰባት ቤት ላስቆጠሩን እናት

እኚህን እናት በአደባባይ ሳላመሰግን ብቀር ይቆጨኛል። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፣ እሳቸውም አይወዱትም። ግን የት እንደሚገኙ ልንገራችሁ። ማንቸስተር ሴንትራል ላይብረሪ ውስጥ የቤተሰብ ታሪክ ለሚፈልግ ሰው እርዳታ የሚሰጥ ዴስክ አለ። የማንቸስተርና ላንካሻየር የቤተሰብ ታሪክ ማኅበር በጎ ፈቃደኞች ናቸው የሚቀመጡበት። እሳቸውም ከነሱ አንዷ ናቸው። ጡረታ ወጥተው በነጻ ነው የሚሠሩት።

ነገሩ የተጀመረው በልጄ ጥያቄ ነው። አስር ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤት ስለ ንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ተምረው መጣችና «ያኔ የኛ ሰዎች ምን ይሠሩ ነበር?» አለችኝ። በኔ በኩል ችግር የለም፣ እናቴ ሰባት ቤት አስቆጥራ ነው ያሳደገችኝ፣ ከእንቅልፌ ቢቀሰቅሱኝም አልስትም። ባለቤቴ ግን የዚሁ አገር ሰው ነው፤ ከአያቱ በላይ አንድም ስም አያውቅም። «የፋብሪካ ሠራተኞች ነበሩ፣ የድሃን ነገር ማን ይጽፋል» ብሎ ተወው። እኔ ደግሞ ልጄ በአንድ ወገን ብቻ ዘር ቆጥራ እንድታድግ አልፈለግኩም።

መጀመሪያ ኢንተርኔት ላይ ላገኘሁት ሰው ከፈልኩ። በሁለት ሳምንት የሚያምር የዘር ሐረግ ላከልኝ። አንኮትስ ሰፈር ሱቅ የነበረው ቅድመ አያት ሁሉ ነበረበት። ደስ ብሎን ፍሬም ውስጥ አድርገን ሳሎን ሰቀልነው። ወደ ዴስኩ የሄድኩት ከዚያ ለመቀጠል ነበር። እኚህ እናት ወረቀቱን ዝም ብለው አዩትና «ይህ ባለሱቅ የእናንተ መሆኑን በምን አወቃችሁ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

«እንግዲያው ከባለቤትሽ ልደት እንጀምር» አሉ። ከሚታወቀው ወደማይታወቀው፣ አንድ ትውልድ ሳይዘለል። በእንግሊዝና በዌልስ መንግሥት ልደት፣ ጋብቻና ሞት መመዝገብ የጀመረው ሐምሌ 1 ቀን 1837 እ.ኤ.አ. ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። የልደት ወረቀቱ እናትየው ከማግባቷ በፊት የነበራትን የቤተሰብ ስም ይይዛል፣ እሱ ጋብቻውን ያስገኛል። የጋብቻ ወረቀቱ የሁለቱንም አባቶች ስምና ሥራ ይይዛል፣ እሱ ደግሞ ወደ ሕዝብ ቆጠራው ይወስዳል። እንዲህ እያልን ወረቀት በወረቀት ወደ ኋላ ሄድን።

ባለሱቁ የወደቀው እዚህ ጋ ነው። በ1851 ቆጠራ አንኮትስ ውስጥ ስማቸው አንድ የሆነ፣ ዕድሜያቸውም የተቀራረበ ሁለት ሰዎች ነበሩ። ገንዘብ የተቀበለን ሰው ደህና ኑሮ ያለውን መርጦ ሰጥቶናል። የኛው በ1849 ማንቸስተር ካቴድራል ነው ያገባው፣ የዘመኑ ድሃ ሠራተኛ ብዙው እዚያ ነበር የሚያገባው፣ የአባቱም ሥራ ሸማኔ ይላል። ሸማኔ! በኛ አገር ስንት ዘመን ሲናቅ የኖረ ሙያ ነው፤ እኔ ግን ያን ቃል ሳነብ ሰውየውን የማውቀው መሰለኝ።

ከመንግሥት የሚመጣው ወረቀት ግልባጭ ስለሆነ፣ እሳቸው ዋናውን የቤተ ክርስቲያን መዝገብ በኮምፒውተር አውጥተው አሳዩኝ። ሙሽራውም ሙሽሪትም መፈረም አይችሉም ነበር። በስማቸው አጠገብ የተጋደመች መስቀል የመሰለች ምልክት አለች፣ የሷ ቀለሟ ትንሽ ፈሷል። አያቴ በጣቷ ነበር የምትፈርመው። እዚያው ዴስኩ ላይ አለቀስኩ። ሴትየዋ መሐረብ አቀብለውኝ፣ እስክረጋጋ ገጹን ሳይዘጉ ጠበቁኝ።

አንድ ነገር ደግሞ ግራ አጋብቶኝ ነበር። ይኸው ሙሽራ በ1841 ቆጠራ 15 ዓመት ተብሎ በ1851 28 ሆኖ መጣ። ሌላ ሰው ነው ብዬ ልተወው ስል አስቆሙኝ። በ1841 ከ15 ዓመት በላይ ያለ ሰው ዕድሜ በአምስት በአምስት ወደ ታች እየተጠጋጋ ነበር የሚጻፈው፣ 18 ዓመት ያለው 15 ይባላል። እኔ ብቻዬን ብሆን ትክክለኛውን ሰው ጥዬ ሄጄ ነበር።

የ1861ዱ ቆጠራ ላይ ልጃቸው አስር ዓመቱ ነው፣ በጥጥ ፋብሪካ የተበጠሰ ክር ይቀጥላል። በ1844 ሕግ ከ8 ዓመት ጀምሮ ግማሽ ቀን ፋብሪካ ግማሽ ቀን ትምህርት ይፈቀድ ነበር። ልጄ ይህን ስትሰማ ብዙ ዝም አለች።

ከባዱ የዚያ የፋብሪካ ልጅ እናት ሞት ነበር። ወረቀቱ ላይ የሞተችበት ቦታ ክረምፕሶል ወርክሀውስ ይላል፣ መጠጊያ ያጣ ድሃ የሚገባበት ቤት ማለት ነው። ባለቤቴ ፊቱ ተለዋወጠ። እሳቸው ቀስ ብለው፣ ያኔ ሐኪም መክፈል የማይችል በሽተኛም እዚያው እንደሚገባ፣ ሕሙማን የሚተኙበት ክፍል እንደነበረው ነገሩት። ያ ቦታ ዛሬ ኖርዝ ማንቸስተር ጄኔራል ሆስፒታል ነው። ልጃችን የተወለደችው እዚያ ነው።

የአባት ወይም የእናት ወገናቸው የዚህ አገር ሰው የሆነ ልጆች ያሏችሁ፣ እባካችሁ ሂዱ። ማንቸስተር ባትሆኑም በየከተማችሁ ቤተ መጻሕፍት ጠይቁ። ከመሄዳችሁ በፊት ግን የባላችሁን ወይም የሚስታችሁን አክስቶች አናግሩ፣ ምክንያቱም ለሕዝብ ክፍት የሆነው የመጨረሻው ቆጠራ የ1921ዱ ነው፣ ከዚያ ወዲህ ያለውን የሚሞላው የነሱ ትዝታ ነው። የልደትና የጋብቻ ማውጫውን ፍሪቢኤምዲ (FreeBMD) የሚባል ድረ ገጽ ላይ በነጻ ታገኛላችሁ። ስም በየመዝገቡ በተለያየ ፊደል ቢጻፍ አትደንግጡ፣ ማንበብ የማይችል ሰው ስሙን ጸሐፊው እንደሰማው ነው የሚጻፍለት። ተቀምጦ ሠርቶ የሚያስረክባችሁ ሰው ከፈለጋችሁ ደግሞ እሳቸው እንደዚያ አይደሉም፤ አጠገባችሁ ሆነው እናንተው እንድታነቡ ነው የሚያደርጓችሁ።

እማማ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት። ልጄ አሁን የአባቷን ወገን ከአባቷ ጀምራ ትቆጥራለች፣ ሰባተኛው ላይ ሸማኔው ይመጣል። ባለሱቁን ከፍሬሙ አውጥተነዋል። በቦታው ያቺ ሁለት ምልክት ያለባት የካቴድራሉ ገጽ ገብታለች።